10 ደብልዩ ሁሉ አንድ አይደለም
የሞተር ሳይክል አሞርዛተር ዘይት ገዢውንም ሻጩንም ያሳስታል

ለመልእክትና ለዕቃ ማድረሻ ሥራ ሞተር ሳይክል ያሰማራ ነጋዴ ወጪውን ሲያሰላ በቅድሚያ የሚቆጥረው ቤንዚን ነው። ቀጥሎ ጎማ፣ የሞተር ዘይት፣ ቦሎና ኢንሹራንስ ይመጣሉ። የፊት አሞርዛተር ዘይት ግን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ስሙም አይገኝም። የሚታወሰው ሞተሩ ፍሬን በተያዘ ቁጥር አፍንጫውን መድፋት፣ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ደግሞ መሪው የአሽከርካሪውን እጅ መንረት ሲጀምር ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሄድና «10 ደብልዩ ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩም በመደርደሪያው ላይ ካለው ሁሉ 10 የተጻፈበትን ያወርድለታል። ሁለቱም የሚያውቁትን ዕቃ የተገበያዩ ይመስላቸዋል።

ችግሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። «ደብልዩ» የሚለው ፊደል የመጣው ኤስ ኤ ኢ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የመሐንዲሶች ማኅበር ለሞተር ዘይት ካወጣው ደረጃ ሲሆን ክረምትን ያመለክታል፤ ዘይቱ በብርድ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት ምን ያህል እንደሚቀል ይናገራል። የአሞርዛተር ዘይት አምራቾች ቁጥሩን ተውሰው በጠርሙሳቸው ላይ ለጠፉት እንጂ ሁሉንም የሚያስማማ አንድ መለኪያ አልተበጀላቸውም። በመሆኑም አንዱ ፋብሪካ 5 ደብልዩ ያለው ዘይት ከሌላው 10 ደብልዩ ጋር ሊቀራረብ፣ የአንዱም 10 ከሌላው 15 ጋር ሊተካከል ይችላል።

እውነተኛው መለኪያ ሴንቲስቶክ ይባላል። ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ምን ያህል በዝግታ እንደሚፈስ የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን፣ አምራቾች በሚያወጡት የቴክኒክ መግለጫ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። በዚህ ሲመዘኑ 5 ደብልዩ የተባሉ ዘይቶች ከ15 እስከ 27 ገደማ፣ 10 ደብልዩ የተባሉት ደግሞ ከ30 እስከ 47 ገደማ ተበታትነው ይገኛሉ። በአንድ ስም በሚሸጥ ዕቃ ላይ ይህን ያህል ልዩነት ማለት፣ ኪሎ ተብሎ አንዱ ሱቅ አንድ ኪሎ፣ ሌላው አንድ ኪሎ ተኩል እንደሚመዝንበት ገበያ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ያገለገለ መኪና ሻጭ የዕቃውን ጉድ እያወቀ ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ አሳይተው ነበር። የአሞርዛተር ዘይት ገበያ ከዚያም ይለያል፤ እዚህ ብዙውን ጊዜ ሻጩም አያውቅም።

ለመሆኑ ዘይቱ ምን ይሠራል? በፊት አሞርዛተር በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ሞላና ዘይት አለ። ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲያልፍ የሞላውን አወራረድና አመላለስ ይገታል። ዘይቱ ከቀጠነ ሞተሩ ከጉድጓድ ከወጣ በኋላም ይዘላል፤ የፊት ጎማው አስፋልቱን በሚለቅባት ቅጽበት ደግሞ ፍሬንም መሪም የለም። ከወፈረ አሞርዛተሩ ለመመለስ ይዘገያል። በተከታታይ ጉድጓድ ላይ ከአንዱ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበትና እየሰመጠ ሄዶ እንደ ብረት ዱላ ይደርቃል።

ብዙ ባለንብረቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጭነት ሲበዛ ወፍራም ዘይት በመሙላት ሞተሩን ያጠነከሩት ይመስላቸዋል። ወፍራም ዘይት ክብደት አይሸከምም፤ መስመጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለክብደት መፍትሔው ጠንከር ያለ ሞላ ነው። ከኋላ የተጫነ የዕቃ ሣጥንማ ከኋላ ጎማው አልፎ የተቀመጠ ከሆነ እንዲያውም የፊቱን ያቀለዋል፤ መስተካከል ያለበት የኋላው አሞርዛተር ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ፊት ላይ ይባክናል።

በጋራዥ የሚታየው ሌላው ልማድ ምትክ ዘይት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በ40 ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 38 ሴንቲስቶክ ስለሚሆን፣ አምራቹ 10 ደብልዩ ላዘዘለት ተራ ሞተር ብዙ የሚያስነውር አይደለም። 32 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይትም በስሙ እንደተጻፈው 32 ገደማ ነው፤ የሃይድሮሊክ ዘይት ቁጥር ሴንቲስቶኩን በቀጥታ ስለሚናገር በዚህ ረገድ ከአሞርዛተር ዘይት ይልቅ ሐቀኛ ነው። ምሕረት የማይገባው ከሞተር የተረፈውን 20 ደብልዩ 50 መገልበጥ ነው። በ40 ዲግሪ ከ150 በላይ ስለሚደርስ ከታዘዘው አራት እጥፍ ይወፍራል።

መጠኑም እንደ ውፍረቱ ያከራክራል። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር ራሱ እንደ ሞላ ስለሚሠራ፣ የበዛ ዘይት አየሩን አጥብቦ አሞርዛተሩን ያደርቀዋል፤ ኦይል ሲሉንም ገፍቶ ያፈሳል። የሁለቱ እግሮች መጠን በመለኪያ ካልተስተካከለ ደግሞ አንዱ እግር የሌላውን ሥራ ይሸከማል። በዓይን ግምት የሚሞላ መካኒክ የትኛውንም ውድ ዘይት ከንቱ ያደርገዋል።

አገራችን ደግሞ ደጋና ቆላ ናት። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በደብረ ብርሃን ማለዳ የሚደርቅ አሞርዛተር በሰመራ ቀትር ይለሰልሳል። ቁጥር ከመቀየር ይልቅ በሙቀት ብዙ የማይለዋወጥ፣ ማለትም የቪስኮሲቲ ኢንዴክሱ ከፍ ያለ ዘይት መምረጥ ይሻላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ እግር 200 ሚሊ ሊትር የሚወስድ አነስተኛ ሞተር በጠቅላላው 400 ይፈልጋል። 20 ሞተር ያለው ድርጅት አንድ ዙር ለመቀየር 8 ሊትር ይበቃዋል፤ ባለ 208 ሊትር በርሜል ግን 520 ሞተር ያዳርሳል። «በጅምላ ይረክሳል» ተብሎ በርሜል የሚገዛ ባለ 20 ሞተር፣ ገንዘቡን በመጋዘን አስሮ ለዓመታት ያስቀምጣል። ከዚህ ይልቅ የአንድ ፋብሪካ 5 እና 10 ጥቂት ጠርሙስ ይዞ መቀላቀል ይቻላል፤ 18 እና 36 ሴንቲስቶክ የሆኑ ሁለት ዘይቶች እኩል ሲደባለቁ 25 ገደማ ይሰጣሉ። የመቀየሪያው ጊዜ በአምራቹ መመሪያ ይወሰናል፤ መመሪያው ከጠፋ በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ15 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር ተለምዷል።

አስመጪዎችም አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የዘይት ነጋዴው ዓይን በሞተር ዘይት ዕጣ ላይ ተተክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞተር ሳይክል የሞተር ዘይት አይጠይቅም፤ የፊት አሞርዛተሩ ግን በአብዛኛው ያው ሞላና ዘይት ነው፤ ባትሪውም ክብደት አለው። መደርደሪያው ላይ ከደብልዩው ጎን ሴንቲስቶኩን ጽፎ የሚለጥፍ ሱቅ፣ ለዚያ ደንበኛ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል።