የበርኮታ ዋጋ በእግሩ ይታወቃል

በደቡብ ኦሞ በቱርሚ፣ በዲመካና በጂንካ ገበያዎች ለጎብኚዎች ከሚቀርቡት ዕቃዎች አንዱ በርኮታ ነው። በርኮታ ከአንድ እንጨት ተጠርቦ የሚወጣ፣ የሐመርና የካሮ ወንዶች ከእጃቸው የማይለዩት ትንሽ መቀመጫ ነው። ቀን ይቀመጡበታል፤ ሌሊት ደግሞ በጭቃ የተሠራው ፀጉራቸው እንዳይበላሽ ይንተራሱታል።

እንዲህ ያለውን መንተራሻ የውጭ ሰብሳቢዎች በሚገባ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የፈርዖን ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ እንኳ መንተራሻዎች ነበሩ። ስለዚህ ያገለገለ በርኮታና ለሽያጭ ተብሎ የተሠራው በአንድ ዋጋ አይታዩም። አስመስሎ መሥራትም የመጣው ከዚህ ነው።

አዲስ ገዥ የላዩን ልስላሴ ዳብሶ ዋጋ ይቆርጣል። ልምድ ያለው ግን አስቀድሞ ገልብጦ እግሩን ያያል። እግሩ በቢላ በተቀረጹ መስመሮች ወይም በጋለ ብረት በተተኮሱ ምልክቶች ያጌጣል። ዓመታት ያገለገለ ከሆነ መሬት የሚነካው ጠርዝ ይበላል፤ እጅ የሚይዘው በኩል ያለው ጌጥ ይደበዝዛል፤ ከእጅ የራቀው ግን ጥርት ብሎ ይቀራል። በጢስ ወይም በጫማ ቀለም የጠቆረው አዲስ ዕቃ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። እርጥብ ጨርቅ ሲያሹበት ቀለሙ ሊለቅ ይችላል።

ሌላው ስጋት ስንጥቅ ነው። ሳይደርቅ የተጠረበ እንጨት ደረቅ ክፍል ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል፤ ጌጡም አብሮ ይከፈላል። በርከት አድርጎ የሚያዝ ነጋዴ የደረቀ እንጨት እንዲሆን ቀድሞ መነጋገር ይኖርበታል።

አሮጌውን ለማሳመር ቫርኒሽ የሚቀቡ ነጋዴዎችም ይከስራሉ። የሰው እጅና ቅባት በዓመታት ያወጡትን ወዝ ይሸፍናሉና፤ ሰብሳቢው የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ወዝ ነው።

ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበ ሕጉንም ማየት አለበት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል። ዕድሜ ያለው በርኮታ በአውሮፕላን ማረፊያ ቢያዝ የገዥው ገንዘብ አብሮ ይያዛል።

በዚህ ሁሉ የሚጎዳው ጠራቢው ነው። አዲሱ በአዲስነቱ፣ የእግሩ ጌጥ ታይቶ ቢሸጥ የእጁን ዋጋ ያገኛል። አሮጌ ተብሎ ሲሸጥ ግን ትርፉ የደላላው፣ ሐሜቱ የገበያው ይሆናል።