አባቱ ከሞተ በኋላ የሚፀነስ ልጅ ወራሽ መሆን ይችላል?

አንድ ባል ከመሞቱ በፊት በሕክምና ተቋም ያስቀመጠውን የዘር ፍሬ ተጠቅማ ሚስቱ ብትወልድ፣ ልጁ የሟች ወራሽ ይሆናል? ሕክምናው ይህን የሚቻል አድርጎታል። የኡጋንዳ የውርስ ሕግ የተጻፈው ግን እንዲህ ዓይነት ልደት ባልታሰበበት ዘመን ነው።

በአይቪኤፍ፣ ማለትም ከማሕፀን ውጪ በሚከናወን ፅንስ፣ የመጀመሪያዋ ኡጋንዳዊ እናት የወለደችው እአአ በ2004 ካምፓላ፣ ቡኮቶ በሚገኘው ዊመንስ ሆስፒታል ኢንተርናሽናል ነው። ዘርፉን ለመቆጣጠር ያለመ ረቂቅ ሕግ በምክር ቤት አባሏ ሣራ ኦፔንዲ አማካይነት ለፓርላማ የቀረበው ከ19 ዓመታት በኋላ፣ በ2023 ነበር።

የወንድ ዘር ፍሬ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ባለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የካንሰር ታማሚዎች ሕክምናው መካን እንዳያደርጋቸው በመስጋት አስቀድመው ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹ ግን ከሕመማቸው ሳያገግሙ ይሞታሉ።

የኡጋንዳ የውርስ ሕግ አባቱ ሲሞት በማሕፀን የነበረንና በኋላ በሕይወት የተወለደን ልጅ ከሌሎቹ ልጆች ለይቶ አያይም። የቀዘቀዘ የዘር ፍሬ ግን ፅንስ አይደለም። ከዓመታት በኋላ የሚወለደው ልጅ ድርሻ ይኑረው ቢባል፣ የሟች መሬትና ቤት እስከ መቼ ሳይከፋፈል ይቆያል? ድርሻ የለውም ቢባል ደግሞ ልጁ ባልመረጠው አወላለድ ምክንያት መብቱን ያጣል።

ተመሳሳይ ክፍተት በኢትዮጵያም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲያስፈልግ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ፅንሱም ከልደቱ በፊት በነበረው 300ኛ ቀን እንደተጀመረ ይገምታል። አባቱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ የተወለደ ልጅ ከዚህ ስሌት ውጪ ነው።

ሌሎች አገራት የተለያየ መንገድ ተከትለዋል። ፈረንሳይ ድርጊቱን ከልክላለች። ብሪታኒያ የሟችን የጽሑፍ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ከ2003 ወዲህ የአባት ስም በልደት መዝገብ እንዲሰፍር ብትፈቅድም፣ ምዝገባው ብቻውን የውርስ መብት አያስገኝም። በእስራኤል በዚያው ዓመት የወጣ መመሪያ ደግሞ የጽሑፍ ፈቃድ ባይኖርም የሟች ፍላጎት እንዲመረመር በር ከፍቷል።

ሦስቱም አገራት የተለያየ መልስ ቢሰጡም፣ ሕግ አውጪዎች ሊለዩዋቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉ ያሳያሉ። አንደኛው ሟች በዘሩ መጠቀምን ፈቅዶ ነበር ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚወለደው ልጅ ከሟች ስምና ንብረት የትኛውን ያገኛል የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ሟች በሕይወት ሳለ የፈረመው ቅጽ መልስ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ሊመልስ የሚችለው ግን ሕግ ብቻ ነው።