ስለ ኮምፒዩተር የጋራ ዕቃ ቤት

በቀጨኔ ሐዘን የደረሰበት ቤተ ሰብ ድንኳኑንና ድስቱን ከዕድሩ ዕቃ ቤት ያስመጣል እንጂ አይገዛም፡፡ በኮምፒዩተርም ላይብረሪ የሚባሉ፥ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉባቸው ክፍሎች አሉ፤ የፊደላችንን ቅርጽ የሚሥለው ፍሪታይፕ ከነዚሁ አንዱ ነው፡፡ ፕሮግራሙ ሲነሣ፥ ጫኚ የተባለው የሥርዓቱ ክፍል ላይብረሪውን በስሙ ፈልጎ ያቀርብለታል፡፡

የዕድር ዕቃ ጠባቂ ድስቱን በመልኩ ያውቀዋል፤ ጫኚው ግን የሚፈልገው በስም ነው፡፡ ተንኮለኛ ሰው ያንኑ ስም የያዘ ፋይል አስቀድሞ በሚታሰሰው ሥፍራ ያኖረ እንደ ሆነ፥ ባዕዱ ገብቶ በፕሮግራሙ ሥልጣን ይሠራል፡፡ ስለዚህም ሊኑክስ ከአስነሺው የበለጠ ሥልጣን ላለው ፕሮግራም፥ አስነሺው የሚጠቁመውን የፍለጋ መንገድ አይቀበልም፤ ይህም ጥብቅነት ተገቢ ይመስለኛል፡፡ አንድሮይድ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው 7ኛ እትሙ፥ መተግበሪያዎች ያልተፈቀዱላቸውን የሥርዓቱን ላይብረሪዎች እንዳይጭኑ መከልከል ጀመረ፤ ምክንያቱም እነዚያ ላይብረሪዎች በየእትሙ ሲለዋወጡ፥ በእነርሱ የተደገፈው መተግበሪያ ድንገት ይሰናከል ነበር፡፡