ወደ ዋሽንግተን የሚበረው አውሮፕላን ለምን መንገድ ላይ ያርፋል?

በሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ ከሚሸምቱት መካከል አሜሪካ ለሚኖሩ ልጆቻቸው ስንቅ የሚያዘጋጁ ወላጆች ይገኙበታል። ገበያው ከቦሌ አየር ማረፊያ ብዙም አይርቅም፤ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ግን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ርቀቱ ደርሶ መልስ አንድ ቢሆንም ሰዓቱ ይለያያል። ከዋሽንግተን የሚነሳው አውሮፕላን መንገድ ላይ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። ከቦሌ የሚነሳው ግን ለዓመታት እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ በመሆኑ የሞተሩ ግፊትም ሆነ ክንፉ የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፤ ከቆላ መጥቶ እንጦጦን የሚወጣ ሰው ትንፋሽ እንደሚያጥረው ማለት ነው። በመሆኑም ለሩቅ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ጭነት በአንድነት ይዞ መነሳት ያዳግታል። ለባሕር ጠለል በቀረበችው ዋሽንግተን ይህ ችግር የለም፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ተመላሹን አውሮፕላን ያግዛል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ለታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል።

በቲኬት ላይ የሚሰፍረው የመድረሻ ሰዓት የዋሽንግተን ነው። አዲስ አበባ ሆኖ የመግባቷን ስልክ የሚጠብቅ ቤተሰብ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት መደመር ይኖርበታል።