ሥነ ልቦና ለነቀምቴ ተማሪ

ኦነሲሞስ ነሲብ ገና ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ያኔ ዕድሜው አሥራ አራት ገደማ ነበር። ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሊተረጉም ሲነሳ ከአገሩ የራቀው በልጅነቱ ስለነበር የቃላት ሀብቱ አልበቃውም። ክፍተቱን ከሞሉለት ሰዎች ዋነኛዋ አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም በባርነት ያለፈች ናት፤ ነገር ግን እስከ ጉርምስናዋ ድረስ ኦሮምኛ በሚነገርበት በሊሙ እናርያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ባሕር አሻግረው ሊሸጧት ሲሉ የጣሊያን መርከብ አስጣላት፤ ምጽዋ አጠገብ ባለው የእምኩሉ ትምህርት ቤትም ገባች። እዚያ ሆና ለመዝገበ ቃላት 15,000 ያህል ቃላትን ሰበሰበች፤ 500 የሚደርሱ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን በጽሑፍ አሰፈረች። ከሥራዋ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ለኅትመት በቃ፤ በ1904 ደግሞ ሁለቱም ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ።

የነቀምቴ ተማሪ ይህን ታሪክ እንደ ታሪክ ያውቀዋል። እኔ ግን የሥነ ልቦና ጥያቄ አድርጎ እንዲያየው እፈልጋለሁ። ሁለቱም በአንድ ቋንቋ አፋቸውን ፈቱ፣ ሁለቱም ተሸጡ፣ ሁለቱም ምጽዋ ደረሱ። ታዲያ አንዱ የጎደለው ቃል ለሌላዋ እንዴት ተረፈ?

መልሱን ኦነሲሞስ ጎበዝ አልነበረም፣ አስቴር ግን ጎበዝ ነበረች ብሎ መዝጋት ይቀልላል። ሥነ ልቦና የሚጀምረው ይህን የመሰለውን መልስ አልቀበልም ከማለት ነው። ከሦስት እስከ ስምንት ዓመታቸው በጉዲፈቻ ፈረንሳይ የገቡ ኮሪያውያን አድገው ሲመረመሩ (ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው) ኮሪያኛን ከማያውቁት ሌላ ቋንቋ መለየት አልቻሉም፤ አእምሯቸውም ለኮሪያኛ የተለየ ምላሽ አላሳየም። ልጅ በዚያ ዕድሜው ቋንቋውን የሚሰማበት ቦታ ካጣ በፍጥነት ይረሳል። ጉርምስና ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ቋንቋው ሥር ስለሚሰድድ በቀላሉ አይነቀልም። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ሁለቱ ከቋንቋቸው የተለዩበት ዕድሜ ነው ብል ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም።

ሥነ ልቦና እንደ ጥናት መስክ ራሱን ችሎ የቆመው ዊልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመን ላይፕዚሽ ውስጥ ቤተ ሙከራ ሲከፍት ነው። ትውስታን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር የለካውም የእሱው አገር ሰው፣ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነበር። ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር የድምፅ ቅንጅቶችን ራሱ እየሸመደደ፣ ከደቂቃዎች፣ ከሰዓታትና ከቀናት በኋላ ምን ያህሉ እንደቀረው እየመዘገበ በ1885 መጽሐፉን አወጣ። የምንረሳው አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነና ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ ያሳየ እሱ ነው። ትርጉም ያለውን ነገር ሆን ብሎ አስወጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 ያንን የተተወውን ጎን አነሣ፤ ሰው ታሪክ ሰምቶ መልሶ ሲናገር እንደ ቴፕ ቅጂ አይደግመውም፣ ከሚያውቀው ዓለም ጋር እያስማማ እንደገና ይሠራዋል አለ። ተረትና ዘፈን ከትውልድ ትውልድ የሚሻገሩት ለዚህ ነው፤ ዜማው፣ ምቱና ትርጉሙ አንዱ ሌላውን ይጠራዋል። በየመድረኩ ስለሚወጡ ደግሞ ደጋግመው ይታወሳሉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለተማሪ ከሁሉም ይበልጥበታል። የማትሪክ ተማሪ እንዴት እንደሚያጠና የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሀንድአውቱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ያነባል፣ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል፣ ገጹን ሲያየው ይለመድበታል፣ "ይዤዋለሁ" ብሎ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካውያኑ ሮዲገርና ካርፒኪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከፋፍለው አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ 83 በመቶ፣ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ ጸሐፊዎቹ 61 በመቶ ላይ ነበሩ። ደብተር ዘግቶ "ምን ነበር ያለው?" ብሎ ራስን መጠየቅ ያደክማል፤ የያዝነው ትንሽ እንደሆነ ስለሚያሳየንም አያስደስትም። ሽምደዳ ደግሞ የማወቅ ስሜት ቶሎ ይሰጣል። ከሁለቱ የትኛው ፈተና ክፍል ድረስ አብሮ እንደሚገባ ቁጥሮቹ ይናገራሉ።

ከዚሁ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊሠራበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት አካባቢ ነው ብሎ ነበር፤ የኋላ ጥናቶች ወደ አራት አውርደውታል። ይህ የሥራ ትውስታ ይባላል። የነቀምቴ፣ የጊምቢ ወይም የሻምቡ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ ዘጠነኛ ላይ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከጠባቧ ቦታ ከፊሏን ቃሉን መፍታት ይወስድበታል፤ ለሐሳቡ የሚተርፈው ትንሽ ነው። "ዘጠነኛ ላይ ልጁ ሰነፈ" የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

መማር ሲባል ደግሞ ሥነ ልቦና ትምህርት ቤትን ብቻ አያስብም። ኢቫን ፓቭሎቭ ውሻው ምግብ ከመምጣቱ በፊት የሚሰማውን ድምፅ ከምግቡ ጋር አያይዞ፣ ድምፁን ብቻ ሲሰማ ምራቁ እንደሚመጣ አሳየ። ወለጋ ባለፉት ዓመታት የግጭት ጊዜ አሳልፏል። የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲላተም ደብተሩን ጥሎ ጠረጴዛ ስር የሚገባ ልጅ የተማረው ነገር አለ፤ ድንገተኛ ድምፅ ከአደጋ ጋር ተሳስሮበታል። ፓቭሎቭ ይህ ትስስር እንዴት እንደሚላላም አጥንቷል፤ ድምፁ ያለ ምግብ ሲደጋገም ምራቁ ይጠፋል። ይሁንና ውሻው ካረፈ በኋላ ድምፁን ዳግም ቢሰማ ምራቁ ይመለሳል፤ የተማረው አልተሰረዘም፣ በላዩ አዲስ ነገር ተማረበት እንጂ። ልጁ ለወር ያህል ደህና ሆኖ ቆይቶ በአንድ ሌሊት ነጎድጓድ ፍርሃቱ ቢነሳበት "አሁንም አልተወህም?" ተብሎ መቆጣት የለበትም። ፍርሃት የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ደህና በሆነ ቦታ ያንኑ ድምፅ ደጋግሞ መስማቱና አጠገቡ የሚያምነው ሰው መኖሩ ይረዱታል፤ እንቅልፍና ትምህርት ካሳጣው ደግሞ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል።

የቢ ኤፍ ስኪነር ሐሳብ ውስጥ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያምታቱት አንድ ነገር አለ፤ "ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት" ቅጣት ይመስላቸዋል። ቅጣት ድርጊትን ይቀንሳል። ይህኛው ግን የሚያስጨንቅ ነገር እንዲወገድ በማድረጉ ድርጊቱን ያበረታዋል። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መሳቂያ የሆነ ልጅ በማግሥቱ ከሒሳብ ክፍል ይቀራል፤ ኃፍረቱ ይርቅለታል፤ መቅረቱም ይበረታል። አለንጋ ቢጨመርበት የሚሸሸው ነገር በዛ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ሥነ ልቦናውም ከዚያው ጎን ይቆማል።

አሁን ወለጋ ለሥነ ልቦና ሊያስተምረው ወደሚችለው ነገር ልለፍ። እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢ ሕፃን ከሚንከባከበው ሰው ጋር የሚያደርገው ቁርኝት ልክ እንደ ምግብ የሚያስፈልገው ነገር ነው አለ፤ በመጀመሪያ ጽሑፎቹም ትኩረቱ በአብዛኛው እናት ላይ ነበር። ሜሪ ኤይንስወርዝ ይህን ሐሳብ ከቤተ ሙከራ ውጭ ያየችው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በኡጋንዳ ካምፓላ አቅራቢያ በሚገኙ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተከታተለች። የሕፃኑን ምልክት የሚረዱና ቶሎ የሚመልሱ እናቶች ልጆች ብዙም አያለቅሱም፤ እናታቸው አጠገብ ስትኖር ተረጋግተው ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። ብዙዎቹም ከእናታቸው ሌላ ከአባት፣ ከአያት ወይም ከታላቅ እኅት ጋር ቁርኝት ነበራቸው።

የኦሮሞ ጉዲፈቻ በዚህ ዓይን ሲታይ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ በሽማግሌዎችና በዘመድ ፊት ለአሳዳጊዎቹ ልጅ ይሆናል፤ ስማቸውን ይይዛል፣ ይወርሳል፣ ከአብራካቸው እንደወጣ ይቆጠራል። የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ ያየዋል። ልማዱ ቁርኝትን ከደም ይልቅ በእንክብካቤ ላይ ያቆመው ቦውልቢ ከመጻፉ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ይህን ስል ግን መለየት ያስከተለው ሐዘን በሥርዓት ብቻ ይጠፋል ማለቴ አይደለም። ወላጆቹን በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ ያጣ ልጅ አዲሱን ቤት ከመልመዱ በፊት የቀድሞውን ማልቀስ ይኖርበታል፤ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ አልከፋውም ተብሎ የሚታለፍ ልጅ ብዙ ነው።

ስለ ዕድገት ባጭሩ። ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ ከፍሎ በየደረጃው አንድ ውስጣዊ ትግል አስቀመጠ፤ የጉርምስናው "እኔ ማን ነኝ?" የሚለው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የመዘገበው የገዳ ሥርዓትም ዕድሜን በስምንት ስምንት ዓመት ከፍሎ በየእርከኑ ሥራና ኃላፊነት ይሰጣል። ሁለቱን አንድ ናቸው የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይቀበሉት። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የቦረና ጥናቱ እንዳሳየው፣ አንድ ሰው በገዳ የሚይዘውን እርከን ከዕድሜው ይበልጥ የአባቱ እርከን ይወስነዋል። ኤሪክሰን ግለሰቡ ውስጥ ያስቀመጠውን ጥያቄ ገዳ በአደባባይ፣ ከእኩዮች ጋር፣ በሥራ ይመልሰዋል። እኔ የገዳው መንገድ ለጎረምሳ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ብቻውን ከሚቆዝም የሚጠበቅበት ሥራ ቢኖረው ማንነቱን ቶሎ ያገኘዋል።

ከሁሉም በላይ አስቸኳይ የሚመስለኝ ግን ፈተናው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ፣ ጎረቤቱና የክፍሉ አንደኛ ሲወድቁ ያየ ልጅ መጽሐፍ ለመግለጥ እጁ ቢከብደው ምን ይገርማል? ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ያለፉ ውሾች፣ በኋላ መውጫ ሲከፈትላቸው እንኳ ብዙዎቹ ተኝተው እንደሚቀሩ አይተው ነበር። ተስፋ መቁረጥ የሚማሩት ነገር ነው አሉ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 እነዚሁ ሰዎች የአእምሮ ጥናቶችን አይተው ሐሳባቸውን ገለበጡት፤ መከራ ሲረዝም እጅ መስጠት የአእምሮ የመጀመሪያ ምላሽ ነው፣ የምንማረው "በእጄ ያለ ነገር አለ" የሚለውን ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ልጁ "አይዞህ" በመባል ብቻ አይነሳም፤ ጥረቱ ውጤት ሲያመጣ በዓይኑ ማየት አለበት። አልበርት ባንዱራም የራስን ችሎታ ማመን ከሁሉ በላይ የሚመነጨው ከተጨበጠ ስኬት ነው ይል ነበር። አሥር ጥያቄ የያዘች ወርክሺት ሰኞ አራት፣ ዓርብ ሰባት ስታስመዘግብ ያ ይሆናል።

ሥነ ልቦና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አይሰጥም። ተማሪው የሚያገኘው ወለጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ሲወስድ ነው። ማለትም የማጥናትን፣ የመርሳትንና የፍርሃትን ጠባይ የሚያስረዳው ትምህርት የሚደርሰው ፈተናውን ላለፉት ጥቂቶች፣ ካለፉ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። በመምህራን ሥልጠና ያለፈ መምህር ሁሉ የሥነ ልቦና ኮርስ ወስዷል፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብና የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ባለበት ትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ አይጠፋም። የሚጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ላይ፣ ቋንቋው በሚቀየርበት በመስከረም፣ ደብተር ዘግቶ በማስታወስ ሙከራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ የሳምንቱን ውጤት ልጆቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይጻፉት።