ልጅዎን መዋዕለ ሕፃናት አድርሰው ሹልክ አይበሉ

መስከረም ሲጠባ በየመዋዕለ ሕፃናቱ በር የምናየው ነገር አለ። እናት «ከረሜላ ገዝቼ መጣሁ» ብላ ሹልክ ትላለች። ልጁ ዞር ሲል የለችም። በማግስቱ ቀሚሷን ጨምድዶ አይለቅም፤ ዓይኑን ከነቀለ እንደምትጠፋ አውቋላ!

ሃንጋሪያዊቷ የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር እ.ኤ.አ. በ1946 ቡዳፔስት ውስጥ በከፈቱት ማሳደጊያ፣ ተንከባካቢዎቹ አፍ ላልፈታ ጨቅላ እንኳ ሊያነሱት ወይም ሊያጥቡት መሆኑን አስቀድመው ይነግሩት ነበር።

እኛም «ከምሳ በኋላ ተኝተህ ስትነሳ እመጣለሁ» ብንለው ይገባዋል። ሰዓት ባያውቅም ምሳን ያውቃል። ያለቅሳል፤ ያልቅስ። መምህሯም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ከምትል ጎንበስ ብላ «እማዬ ናፈቀችህ አይደል?» ብትለው ይሻላል። የታክሲ ሰልፍ ካዘገየዎት ደግሞ ለመምህሯ ይደውሉና ትንገረው።