የዶሮ ፈንጣጣ፦ ቅርፊቱን አትላጡት

ክረምት ሲወጣ ትንኝ ይበዛል፤ ወዲያው «ዶሮዬ ፊቷ ላይ ኪንታሮት አወጣች» የሚሉኝ ይበዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ በትንኝ የሚተላለፈው ፈንጣጣ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ ላባ በሌለበት ቦታ፣ በአናቷ ቀይ ሥጋ፣ በዓይኗና በአፏ ዙሪያ መጀመሪያ ነጣ ያለች ትንሽ እብጠት ትወጣለች፤ ከዚያ ትሻክርና ጠቁራ ቅርፊት ትሠራለች። የመነካከስ ቁስል ግን ይደማል እንጂ እንዲህ አያብጥም።

በሽታውን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚገድል መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ቁስሉ በባክቴሪያ ሲመረቅዝ ብቻ ነው፤ ያንንም ሐኪም ይዘዘው። የታመመችውን ለዩ፣ ቁስሉን አዮዲን ቀቡ፣ የተጣበቀ ዓይኗን ለብ ባለ የጨው ውኃ እጠቡ። ማየት ካቃታት መኖውን አርጥባችሁ አፏ ሥር አቅርቡላት፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት በረሃብና በጥም ነውና። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ይድናሉ። እባካችሁ ቅርፊቱን አትላጡት፤ ቫይረሱ እዚያ ውስጥ ለወራት ይቆያል።

አፏን ክፈቱና ጉሮሮዋን እዩ። ቢጫ ሽፋን ካለና አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ላልታመሙት ክትባት አለ፤ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። በክንፍ ቆዳ ላይ ይወጋል። ከ7 እስከ 10 ቀን በኋላ የተወጋው ቦታ ካላበጠ አልያዘም ማለት ነውና ይደገም። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ለልጆቻችሁ አትስጉ።